መሙላቱን ያልነገሩኝ ወንዝ

ጥር 12፣ ጠዋት
ደብተሬ፣ አንገቴ ላይ ዛሬም ሁለት እጢ ተጨመረ። ብብቴን ሳልቆጥር። የሐኪም ቤቱ መርፌ ለሦስተኛ ጊዜ አልያዘልኝም። የማታ ትምህርት ጓደኞቼ ፊደል በዝቶበት አንገቱ አበጠ ይላሉ። እውነት ነው! ከሃያ ስድስት ጎልማሳ አንደኛ የወጣሁበት ዕውቀት የት ይግባ?

ታላቅ ወንድሜ አያ ጥላሁን ከአዲስ አበባው ሆስፒታል ወረቀት ይዞ መጣ። አዲስ መድኃኒት ነው፣ ያድናል አለ። አውራ ጣትህን ብቻ ብሎ ቀለም አቀረበልኝ።

ለእኔ! ቀለም! አነባለሁ ስለው ወረቀቱን ነጠቀኝ።

ጥር 13፣ ከሰዓት
አያ ጥ. ሮብ ገበያ ወረደ። ወረቀቱን ከሳጥኑ አወጣሁ። አራት ገጽ። በጣቴ እየተከተልኩ።

ሊምፎማ፣ የካንሰር ዓይነት።

ካንሰር! ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ ምች ነው ሲሉኝ! ሚስቴን ጠየቅኋት፤ ታውቃለች። የንስሐ አባቴም። ያላወቅነው እኔና በሬዎቼ ነን።

ገጽ ሁለት፦ የመጀመሪያ ደረጃ ሙከራ። ሰውነት ምን ያህል እንደሚችል ለማየት። ለጥቂት ሰው ትንሽ ይሰጣል፤ ከቻሉት ለቀጣዮቹ ይጨመራል። «ያድናል» የሚል ፈለግሁ። የለም።

ጥር 14
አያ ጥ.ን በሰው ፊት ሰደብኩት። በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ። አለቀሰ። ለታማሚ ይነገራል ወይ፣ ልብህ ቀድሞ እንዳይሞት ብለን ነው አለ። ልቤን ማን ጠየቀው?

ጥር 17፣ አዲስ አበባ
አያ ጥ.ን ከክፍሉ አስወጣሁና ሐኪሟን ራሴ ጠየቅሁ። መድኃኒቱ ፀረ እንግዳ አካል ይባላል። ሁለት እጅ አለው፤ በአንዱ የሰውነትን ወታደር፣ በሌላው ካንሰሩን ይዞ ያጋጥማል። የሰፈራችን ነገረኛ ነዋ አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ሳትስቅ ነገረችኝ፦ ኃይለኛ ትኩሳት ያመጣል፤ ሊገድልም ይችላል። ሌላ መድኃኒት ቀርቶልኛል? የለም። መድኃኒቱን ከሚወስዱት ስንተኛ ነኝ? ሁለተኛ። ማቆም እችላለሁ? በፈለግሁ ቀን።

ንዴቴ አልበረደም። ግን እግሬ መሬት ነካ።

ጥር 18፣ ጠዋት 2 ሰዓት
ነሐሴ ላይ የጨሞጋ ወንዝ ሲሞላ ጥልቀቱን በበትር እየለካሁ ቀድሜ የምገባው እኔ ነበርኩ። አገር ይመስክር። ሌላው በእኔ ዱካ ይሻገራል። አያ ጥ. ያን ጊዜ ከዳር ሆኖ፣ «ሞልቷል፣ ተጠንቀቅ!» እያለ ይጮህልኝ ነበር። የዘንድሮውን ግን ደረቅ ነው አለኝ። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

እፈርማለሁ። በእጄ፣ እስከ አያቴ ስም።

አያ ጥ. ውጭ አግዳሚው ላይ ነው። መርፌው ሲጀመር አጠገቤ ይቁም ብያለሁ። ሊያጽናናኝ አይደለም። ትኩሳቱ ሲነሣ ያየውን ይንገረኝ። ከሞላ፣ ሞልቷል ይበል።