ከቦዩ ወዲያ

ለውድ ታላቅ እህቴ ማቪስ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ፣ ደረጃ መውጣቱ ቀለለሽ ወይስ አሁንም ያስቸግርሻል? ኮሊን ደህና ነው? ልጆቹስ? እናንተ ዘንድ ታዝማኒያ አሁን ሙቀቱ እየገባ ይሆናል። እኔ በጤናዬ በኩል የሚያሳማ ነገር የለኝም። በሌላው በኩል ግን ደህና አይደለሁም፤ የምጽፍልሽም ለዚሁ ነው። ባለፈው የላክሁልሽን ፎቶግራፍ ለጎረቤት ሁሉ እንዳሳየሽ ጽፈሽልኝ ነበር። እባክሽ ከእንግዲህ ለማንም አታሳዪው።

በማስታወሻ ደብተሬ እንደምመዘግበው ልንገርሽ። እሑድ፣ ሴፕቴምበር 28። ደመና፣ ቀላል ነፋስ፣ መሬቱ በቅዳሜው ዝናብ የራሰ። የነበረ ሰው፦ እኔ ብቻ።

ይህን ብረት መፈለጊያ ከገዛሁ ወዲህ የአሥራ አንድ ገበሬ በር አንኳኩቻለሁ። አንዱ በሩን ሙሉ በሙሉ እንኳ ሳይከፍት «አንዴ ፈቅጄ ጉድጓዱን ክፍቱን ትተውት ላሜ እግሯን ተሰበረች» አለኝ። ሌላው «የመጀመሪያዋን ሚስቴን ቀለበት ካገኘሽ እዚያው መልሰሽ ቅበሪው» ብሎ ሳቀብኝና በሩን ዘጋ። የፈቀዱልኝ ሚስተር ጋሮድ ብቻ ናቸው፤ አባባ ሠላሳ ዓመት ማጨጃቸውን የነዱላቸው። «የዋልተር ልጅ ነሽ» አሉኝ። «አባትሽ ከእርሻዬ አንዲት ድንች እንኳ ሳይጠይቅ አልወሰደም። እስከ ቦዩ ድረስ ፈልጊ። የቆፈርሽውን ድፈኚ፣ ያገኘሽውን አሳዪኝ። ከቦዩ ወዲያ ያለው ግን የእኔ አይደለም፤ የሌለኝን አልሰጥሽም።» ይህንኑ በዘር መግዣ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጽፈው ፈረሙልኝ።

ከቦዩ ወዲያ ያለው የመንደሩ የወል መስክ ነው። ለመንደሩ ምክር ቤትም ጽፌ ነበር። ደብዳቤው እንዴት እንደሚጻፍ ከመጽሔት ቆርጬ ካስቀመጥሁት አይቼ፣ ሦስት ጊዜ ገልብጬ። ሊቀመንበሯ ጆአን ፔክ መልሱን ራሷ ቤቴ ድረስ አመጣችልኝ። «ሎሬይን፣ በእኔ ቢሆን በፈቀድሁልሽ» አለችኝ። «ከሣሩ ሥር የጥንት ሰፈር አለበት፣ መሬቱ በሕግ የተጠበቀ ነው። እኔ ራሴ እዚያ አበባ ልትከል ብል መኮትኮቻዬን ይቀሙኛል።» ገብቶኛል አልኋት። እውነትም ገብቶኝ ነበር።

በዚያ እሑድ ሦስት ሰዓት ሙሉ በሚስተር ጋሮድ ማሳ ላይ ተንከራትቼ ያገኘሁት አንድ ቁልፍና የቆርቆሮ ቁራጭ ነው። ቦዩ ጋ ስደርስ ዙሪያውን አየሁ፤ ማንም የለም። መንገድ ስቼ ነው ብዬ አላታልልሽም፣ ማቪስ። ቦዩን በገዛ እግሬ ተሻገርሁ። አንዴ ብቻ ላዳምጥ አልሁ። መሣሪያው ጮኸልኝ። ሣሩን እንደ ክዳን ገልጬ አንድ ስንዝር ያህል ብቆፍር ያቺ በፎቶግራፉ ያየሻት የወፍ ቅርጽ ያላት የካባ ማያያዣ ወጣች። ሣሩን መልሼ ከደንሁት፣ በእግሬም ረገጥሁት።

በእኛ ሥራ ከዕቃው ይልቅ የወጣበት ቦታ ይበልጣል። ቦታው ከጠፋ ዕቃው ወሬ የሌለው ብረት ነው። ሰው ከመሬት ያገኛቸውን ዕቃዎች ሙዚየም ውስጥ የምትመዘግበው ጁዲት ካርታ ዘርግታ የት ነው ስትለኝ፣ ይህን ሁሉ እያወቅሁ ጣቴን ከቦዩ ወዲህ አስቀመጥሁ።

የማያያዣዋ ዕድሜ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ዓመት ይሆናል አለች። ማሳውን ልታይ ስትመጣ ሚስተር ጋሮድ ክራባት አስረው ጠበቋት። «ሰማንያ አራት ዓመት ስመላለስበት አንድ ቀን እንኳ አልነገረኝም» አሉ ማሳቸውን እያዩ። መጠጥ ቤት ለገባው ሰው ሁሉ «ያገኘችው የዋልተር ልጅ ናት» እያሉ ሲያወሩ በሰማሁ ቁጥር መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር።

ትናንት ረቡዕ ከማሳው በር ላይ ጠሩኝ። የመዝሪያው ማሽን ቆሟል፣ ነጂው ሊሄድ ነው። «ዘንድሮ ይህን ማሳ አልዘራውም» አሉኝ። «የሙዚየሙ ሰዎች ቆፍረው ይዩት። ገብስ እንደሆነ ሁልጊዜ አለ።» ነጂው ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «ሽማግሌው ለሞተች ወፍ ብለው ደረቁን ሳምንት ሊያሳልፉት ነው» አለኝ። እኔም «ሚስተር ጋሮድ፣ አልቸኮሉም?» አልኋቸው። «በዚህ ዕድሜዬ ቸኮልህ ያለኝ አንቺ ብቻ ነሽ» ብለው ሳቁ። እውነቱን ሳልነግራቸው ወደ ቤቴ ሄድሁ።

ዛሬ ጠዋት ያደረግሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልጻፍልሽ። በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ተነሣሁ። ሻይ አፈላሁ፣ አልጠጣሁትም። ማሳውን አቋርጬ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሚስተር ጋሮድ ወጥ ቤት ገባሁ። ዳቧቸውን ቅቤ እየቀቡ ነበር። ተቀመጪ ቢሉኝ እንደቆምሁ ሁሉንም ነገርኋቸው። ቢላዋውን አስቀመጡ። ስለ ወፏ ምንም አልጠየቁኝም። «ጉድጓዱን ደፍነሻል?» አሉ። አዎ አልሁ። «እሱን እንኳ አባትሽ አስተምሮሻል» አሉ። ከዚያ ስልክ አንሥተው ለነጂው ደወሉለት። «ና ዝራልኝ» አሉት። «እኔ ነኝ የተሳሳትሁት።» ስሜን አልጠሩም። የፈቃዱን ወረቀት ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁት። እሳቸውም አጥፈው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።

ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ለጆአን ፔክ ደጃፏ ላይ ነገርኋት፤ ዛሬ አልቀለደችም። በአውቶቡስ ሙዚየም ሄድሁ። ጁዲት ሰማችኝና ካርታው ላይ ያለውን ነጥብ አንሥታ ከቦዩ ወዲያ አደረገችው። ልዩነቱ የጥፍር ስፋት እንኳ አይሞላም። ጉዳዩ ወደ በላዮቿ እንደሚሄድ፣ ምናልባትም ፖሊስ እንደሚጠይቀኝ ነገረችኝ። አድራሻዬን ጻፍሁላት።

ለኮሊን የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ዴሪክንና ሚስቱን፣ ትንሿን ታምሲንንም በየስማቸው ሳሚልኝ። ያቺ አሮጊት ድመታችሁም እንደምን አለች?

ከአውቶቡስ የወረድሁት ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ነው። ከዚያ እቤቴ በሚስተር ጋሮድ ማሳ በኩል ዘጠኝ ደቂቃ ነው። የመዝሪያው ማሽን እየሠራ ነበር። እኔ በአስፋልቱ ዞሬ በሠላሳ አምስት ደቂቃ ገባሁ።

እህትሽ ሎሬይን
ኖርፎክ፣ ሐሙስ ኦክቶበር 16 ቀን 2014