ጥይቷ የምታርፍበት ርቀት

ዓርብ፣ ኅዳር 12

የእኔ መርከበኛ፣

እንዴት ከርመሃል? ድምፅህ ከጠፋብኝ ወራት አለፉ። የመርከቡ መሥሪያ ቤት ስልክ ይጠራል፣ የሚያነሳው የለም። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ከአባትህ ብሶ ይነዘንዘኛል። የምጽፍልህም ስለ እሱ ነው።

ቁራ የሚያባርርባትን ትንሿን ጠመንጃ መቼም አትረሳትም። ጥይቷ ቀላል ስለሆነች ጥቂት ሄዳ ቁልቁል ትወርዳለች። ስለዚህ አንድ ርቀት ይመርጥና፣ እዚያ ላይ ያነጣጠረበትን በትክክል እንድትመታ የጠመንጃዋን መነጽር ያስተካክላል። «ዜሮ» የሚለው ይህንኑ ነው። ድሮ ሃምሳ ሜትር ነበር፣ እስከ አጥሩ፤ ቁራዎቹ የሚያርፉት እዚያ ነዋ።

ባለፈው ወር ወደ ሠላሳ አሳጠረው፣ እስከ ውሃ ታንከሩ። «ቁራ እዚያ ምን ይሠራል?» ብለው፣ «ቁራ አይደለም» አለኝ። ሲመሻሽ የቆመ ሰው ያያል። ሳቅሁበት። ብዙም ሳይቆይ ወደ አሥራ አምስት አመጣው፣ እስከ ወጥ ቤቱ በር። «መጠጋቱን አልተወም» ይላል፣ የላላ ወንበር እንደሚጠግን ሰው ተረጋግቶ የመነጽሩን ብሎን እያዞረ።

ትናንት ሜትር ይዞ ኮሪደሩን ሲለካ አገኘሁት፤ ከአልጋችን እስከ አንተ ክፍል በር።

«አንተ ሰውዬ፣ አበድክ እንዴ? ቤት ውስጥ ልትተኩስ ነው?»

«ፊቱን አላየሁትም» አለኝ። «አረማመዱ ግን የልጃችን ነው። ደግሞ ውሃ ያንጠባጥባል።»

ዝናብ ካየን ስንት ጊዜ ሆነን! «ልጃችን ከሆነ ታዲያ ጠመንጃዋ ለምን?» አልኩት።

«የእኔ ልጅ በሕይወት አለ። ይሄ ሌላ ነው» ብሎ ልኬቱን ቀጠለ።

ዛሬ ጠዋት ኮሪደሩ ላይ እርጥብ ዱካ አየሁ። «በባዶ እግርህ ትዞራለህ!» ብዬ አባትህን ልቆጣው ነበር። ዱካው ግን ከእሱ እግር ይተልቃል፤ ጫማ ስንገዛልህ ገበያውን ሁሉ የሚያዞረንን ያንን እግር ያህላል። ሳልነግረው ወለወልኩት።

ልጄ፣ ይህ ደብዳቤ ከደረሰህ ቶሎ መልስልኝ፤ አንዲት መስመር ትበቃኛለች። ባሕሩም ሰውም ክፉ አያሳይህ፣ የረገጥከው ሁሉ ደረቅ መሬት ይሁንልህ።

ካልደረሰህም አትፍራ። ጥይቶቹን ሁሉ አውጥቼ ዱቄቱ ውስጥ ቀብሬያቸዋለሁ። አልጋህ ተነጥፏል፣ ፎጣም ወንበሩ ላይ አለልህ። ግባ።

እናትህ