ሰላምታ እስኪያልቅ የሚጠብቅ ራዲዮ

ዶካ፣ ሰኔ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለባንታምላክ፣ ለልቤ ሰው፤

ደህና ነኝ፤ አስቀድሜ ይህን ልንገርህና ልብህ ይረፍ። ከድንበሩ ወዲህ ያለው ጦርነት እኛ ዘንድ አልደረሰም፤ ዝናቡ ግን ገብቷል። «ሐሙስ ወደ ጎንደር በሚነሳው መኪና ቦታ ይዤልሻለሁ፤ ካልመጣሽ ባልሽን ትተሽ ሥራሽን እንደመረጥሽ እቆጥረዋለሁ» ያልከው ደርሶኛል። ስትቆጣም ታምራለህ፣ ምን ላድርግህ።

መልሴን ከመስማትህ በፊት ሥራዬ የት እንደደረሰ ስማኝ። በማይሆን ነገር ዕድሜሽን ፈጀሽ ትለኝ አልነበር? ሆነልህ።

ሸበካው፣ የስልኩ መረብ፣ ሲጠፋ ከኡም ራኩባ ጤና ጣቢያ ዶካ ደውሎ አምቡላንስ የሚጠራ እንደማይኖር ታውቃለህ። ስለዚህ አሮጌዎቹን የመገናኛ ራዲዮዎች ከኮምፒውተር ጋር አገናኘሁና ሊኑክስ ለሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት የራሴን ፕሮቶኮል፣ የመልእክት መላላኪያ ሕግ፣ ጻፍኩለት። የሊኑክስ ኮድ ለማንም ክፍት ስለሆነ የማንንም ደጅ አልጠናሁም። መልእክቱ በትንንሽ ቁራጭ ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ አድራሻውን ይዞ፣ መካከል ላይ ባለው እርሻ ባቆምነው አንቴና በኩል ዶካ ይገባል። ተቀባዩ «ደርሶኛል» ካላለ እንደገና ይላካል። ሲያወሩት ቀላል ነው፤ ሲሠሩት ግን አሳሬን አበላኝ።

ቤት ጠረጴዛዬ ላይ እንከን አልነበረውም። ኡም ራኩባ ሲተከል ግን ግማሹ ቁራጭ እየጠፋ አስቸገረኝ። ኮዱን አገላብጬ አነበብኩ፣ አንቴናውን ተጠራጠርኩ፣ በመጨረሻ ራሴን ተጠራጠርኩ፤ ይህ ደግሞ ልማዴ አይደለም። ነገሩ የገባኝ እዚያው ሄጄ ስቀመጥ ነው። የጣቢያው ራዲዮ ሠራተኛ፣ ሁሉም «ዓም»፣ አጎት፣ የሚላቸው እስማኤል፣ ራዲዮው በጮኸ ቁጥር መነጋገሪያውን አንስተው ሰላምታ ይሰጣሉ፤ እንዴት አደራችሁ፣ ቤተሰብ ደህና፣ ከብቱ ደህና፣ ዝናቡስ፣ ተማም፣ ደህና ነው፣ ተማም። እሳቸው ሲናገሩ የእኔ ቁራጮች ከድምፃቸው ጋር ይጋጩና ይበላሻሉ። የሚጮኸው ማሽን ነው ብላቸው ቅር አላቸው።

«ልጄ፣ የጠራኝን ሳልመልስለት ዝም ብዬ አላውቅም» አሉኝ።

ብከለክላቸው ይቀየሙኛል፤ እሳቸው ቢተዉት ነገ ሌላው ያነሳዋል። ሰውን ትቼ ኮዱን አስተካከልኩ። አሁን ፕሮግራሙ ከመላኩ በፊት ያዳምጣል፤ ሰው እያወራ ከሆነ ሰላምታው እስኪያልቅ ይጠብቃል። የእኛ ሰው ሰላምታ እንዴት እንደሚረዝም ስለማውቅ ትዕግሥቱን ጨመር አድርጌለታለሁ።

ግንቦት ማለቂያ ላይ ሸበካው ጠፋ፤ መንገዱም በመጀመሪያው ዝናብ ጭቃ ሆኖ ነበር። ሉሉ የምትባል፣ ባሏ ሰሊጥ እርሻ ላይ የሚሠራ የጎንደር ልጅ፣ ጣቢያው ውስጥ ወልዳ ደሟ አልቆም አለ። ዓም እስማኤል በኮምፒውተሩ ጽፈው ላኩ። እኔ ዶካ ሆኜ እንዳነበብኩት ሮጬ አምቡላንሱን አስነሳሁ። በትራክተር እየተጎተተ ደረሰላት። እናትም ልጅም ተረፉ። ያን ቀን እንዴት እንደኮራሁ ልነግር የፈለግሁት ለአንተ ብቻ ነበር።

ባንቴ፣ ናፍቀኸኛል። አልጋው ሰፍቶኛል፣ ምግቡም አይጥመኝም፤ ይህን አልደብቅህም። ነገር ግን ይህን መረብ ሲበላሽ የሚጠግነው ከእኔ ሌላ ሰው የለም፤ ክረምቱም ገና መጀመሩ ነው። ጥዬው ብመጣ አጠገብህ ቁጭ ብዬ ጆሮዬ እዚህ ይቀራል፤ እንዲህ ያለች ሚስት ደግሞ አንተም አትፈልግም። አንተ ግን ብትመጣስ? አንቴናው ላይ የሚወጣልኝ ሰው አጥቻለሁ፤ ከፍታ እንደምትፈራ ባውቅም።

እመቤቴ በወጣህበት በገባህበት ትከተልህ፤ ከክፉ ሁሉ ትሰውርህ።

ይህን ደብዳቤ በእጅህ የሰጠችህ ሉሉ ናት። ልጇን ሰማንያ ቀኗ ሲሞላ እናቷ ዘንድ ክርስትና ልታስነሳ ነው የመጣችው፤ በያዝክልኝ ቦታ ላይ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ። ሕፃኗን ተቀብለህ እቀፍልኝ፤ ከዚያ በኋላ ተቆጣኝ።

ሚስትህ፣
መክሊት