አጎታችን ሳይመጣ የምትማረው ወጥ

ይድረስ ለእናቴ ልጅ፣ ለምወድህ ለባቢከር፤

የአላህ ሰላምና እዝነት ባንተና በልጅህ በዊዳድ ላይ ይሁን። ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ወደቡ ላይ ጆንያ ስትሸከም የያዘህ የወገብ ሕመም ተሻለህ ወይስ አሁንም እያነከስክ ነው? ዊዳዴስ እንዴት ናት? አደገች? የወለቀው የፊት ጥርሷ በቀለ? እኛ አልሐምዱሊላህ ሁላችንም ደህና ነን። እናታችን ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው። ትናንት እንኳን የጎረቤት ፍየል ልብሷን ቢበላባት ፍየሉን ስትሰድብ ባለቤቱ ስድቡ ለእሱ መስሎት አኩርፏል። የኔ ልጆች ቁመታቸው በሩን ሊደርስ ነው፤ ባለቤቴ ታጀሲርም ደህና ነው፤ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጦ «አሁንም አልጨረስሽም?» እያለ ይነዘንዘኛል። እጄ እንደማይፈጥን ታውቅ የለ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። የጎረቤታችን ልጅ ሓሽም ሽንኩርት ጭኖ ፖርት ሱዳን ደርሶ ሲመለስ እናንተ ቤት ማደሩን ነገረን። ሚስትህ ሱዓድ፣ አላህ ጀነትን ይስጣትና፣ ካረፈች ወዲህ ቤታችሁ እንዴት እንደሆነ ሁሉንም አወራ። ወይካውን፣ ያን የደረቀ የባምያ ዱቄት፣ ድስቱ ላይ እንደ ሲሚንቶ ገልብጠህበት ማንኪያው ቆሞ ቀረ አለን! ባለፈው ረመዳንም የሰፈሩ ወንዶች መንገድ ላይ ምንጣፍ ዘርግተው ለማፍጠር ሲቀመጡ፣ ሁሉም ከየቤቱ የተሠራ ትሪ ይዞ ሲወጣ፣ አንተ የሱቅ ፉል ይዘህ ትወጣ ነበር አሉ። «ባቢከር፣ ዛሬም የሱቋ ሚስትህ ቀቀለችልህ?» እያሉ ሲስቁብህ አንገትህን ደፍተህ ትበላለህ አሉ።

ሓሽም ዊዳድን ማን ያበስልልሻል ብሎ ጠይቋት ነበር። «አባቴ ነዋ! ምግቡ አይበላም እንጂ ያበስላል» አለችው። እሱ ሲስቅ ግን ፊቷን አጨፍግጋ «አንተ ምን አገባህ? የምትበላው አንተ አይደለህ!» ብላ ጀርባዋን ሰጠችው።

ይህ ሁሉ አጎታችን ዐወድ ጆሮ ገባ። እሱ ደግሞ ታውቀዋለህ፣ ቁጭ ብሎ ፈረደ። «ወንድ ብቻውን ሴት ልጅ አያሳድግም፤ ልጅቷ ወደ በቱል ትምጣ» አለ፤ ወደ እኔ ማለቱ ነው። እናታችን አለቀሰች፤ ግን እንዲሁ አልተወችውም። በመጨረሻ የተስማሙት እንዲህ ነው፤ አጎታችን በረመዳን እናንተ ሰፈር መጥቶ ምንጣፉ ላይ ከወንዶቹ ጋር ያፈጥራል። ካንተ በር የሱቅ ምግብ ከወጣ ዊዳድን ይዟት ይመለሳል። ከራስህ ምድጃ የወጣ ትሪ ካየ ግን ልጅቷ ካንተ ጋር ትኖራለች። «እሱ ካበሰለማ ጢሜን እላጫለሁ» ብሎ ሲፎክር እናታችን «ጢምህን ማን ፈለገው? አፍህን ብቻ ዝጋልኝ» አለችው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ጊዜ የለንም። ደህና አድርገህ አንብብ።

መጀመሪያ ሽንኩርቱን አድቅቀህ ክተፍ፤ አትስሰት፣ ሓሽም አንድ ኩንታል እንዲያደርስልህ ነግሬዋለሁ። ዘይቱ ሲግል ጨምርና ቡናማ እስኪሆን አቁላላው። ጥቁር አላልኩም፣ ቡናማ! ሊያርብህ ሲል ቶሎ ውሃ ጠብ አድርግበት። ከዚያ የተወቀጠ ቋንጣና ትንሽ የቲማቲም ድልህ ጨምረህ ውሃ ከልስበትና ይንተክተክ። አሁን ነው ጉዱ። ፍሙን ወደ ዳር ግፋው። ሙፍራካውን፣ የእንጨት ማማሰያውን፣ በሁለት መዳፍህ መሃል ይዘህ ድስቱ ውስጥ አሽከርክር፤ አንተ ስታሽከረክር ዊዳድ ወይካውን በጣቷ ቆንጠር እያደረገች ትነስንስልህ። ሁለቱንም ብቻዬን ልሥራ ስላልክ ነው እንደዚያ የተጓጎለብህ። ሱዓድም ብቻዋን አልሠራችውም እኮ! እናንተ ዘንድ በመጣሁ ጊዜ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ነስናሿ ዊዳድ ነበረች፤ «በቃ» የምትለውም እሷ ነበረች። ልጅቷን ጠይቃት፣ መጠኑን ከኔ ይልቅ ታውቀዋለች። ቀጠነ ብለህ አትጨምር፤ ከወረደ በኋላ ይወፍራል። ጨው መጨረሻ ላይ ቅመስና ነው፤ ቋንጣው ጨው ጠግቧል፣ የሰፈራችሁ ውሃም ራሱ ጨው ጨው ይላል።

ለገንፎው የማሽላ ዱቄቱን መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው። ደረቁን የፈላ ውሃ ላይ ከጣልከው ጓል ጓል ይልና እንግዶችህ እንደ ጠጠር ሲለቅሙ ያመሻሉ። የበጠበጥከውን የፈላው ላይ እያፈሰስክ አገንፋው፤ የጓጎለውን በድስቱ ጎን እየደፈጠጥክ። ክንድህ ይዝላል፣ ግን ጆንያ የለመደ ክንድ ነው መቼስ። ዘይት የተቀባ ሳህን ላይ ገልብጠህ ወጡን ዙሪያውን አፍስስበት። በሌላው ቀን ደግሞ ምስር ከነጭ ሽንኩርትና ከከሙን ጋር ቀቅልላት፤ እሱን ሕፃንም አያበላሸውም። እስከ ረመዳን በየቀኑ ተለማመድ፤ የመጀመሪያው ቢበላሽ ለዶሮ ስጥና ሁለተኛውን ጣድ። ጎረቤትህ ሐጃ ዘይነብ አዝናልህ ልሥራልህ ብትል እምቢ በላት። እንዲያ አድርገህ ብታመልጥ አጎታችን ቢያምንህም እኔ አላምንህም፣ ልጅቷም ታውቃለች።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ ለእናታችን እንዳታወራ። አጎታችን «ወደ በቱል ትምጣ» ሲል ልቤ ዘለለ። ወንዶች ብቻ እንደወለድኩ ታውቃለህ። በዚያው ቀን ገበያ ወጥቼ ቢጫ የፀጉር ሪባን ገዛሁ፤ ከልጆቼ አልጋ አጠገብ የት እንደማስተኛት ሁሉ አሰብኩ። ማታ ግን ለሓሽም የመለሰችለት ትዝ አለኝና እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አይበላም ያለችውን ምግብ ሌላ ሰው ሲስቅበት የምትቆጣ ልጅ፣ ካንተ ተለይታ እኔ ቤት ምን ሆና ትኖራለች? ፀጉሯን ባሳምርላት ምን ይጠቅማታል? ሪባኑን ሓሽም ከሚያደርስልህ ቋንጣ ጋር አስሬ ልኬዋለሁ፤ አንተው እሰርላት።

እናታችን ግንባርህን ትስማለች፤ በየሶላቷ ስምህን ታነሳለች። ታጀሲር ሰላም ይልሃል። ልጆቼ ለአጎታቸው ሰላም፣ ለዊዳድም «ትምህርት ቤት የተማርሽውን ዘፈን ስትመጪ አሰሚን» ብለዋል፤ ለዕረፍት ስትመጣ ማለታቸው ነው። ሐጃ ዘይነብን ስለ ደግነቷ አላህ ይክፈላት በልልኝ። ዊዳድን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳምልኝ።

እኔም ልብሷን እንድሰበስብ ተብዬ ከአጎታችን ጋር እመጣለሁ። እባክህ ባዶ እጄን መልሰኝ።

እህትህ በቱል
ከሰላ፣ ሻዕባን 10 ቀን 1415 ዓመተ ሂጅራ