በጭራ የታሰረች ጣት

ይድረስ ለአያ ውድነህ፤ ሰላምታዬ ከጭልጋ ተነሥቶ አዲስ አበባ ደጃፍህ እስኪገባ አይድከም። እኛ ይመስገነው ደህና ነን። ገብሱ ሸጋ ነው፤ ላሟም ወልዳለች።

ልጄ ዳኛው ዘጠኝ ዓመት ሞላው፤ ዳዊት ደግሟል። እንደ ወንድማችን እንደ አድማሴ ባለ ስድስት ጣት ሆኖ ሲወለድ እናታችን "ጣቲቱ ከወደቀች አድማሴ ላይ የመጣው አይመጣበትም" ብላ፣ ክርስትና ሳይነሣ በፈረስ ጭራ አስራ አድርቃ እንደጣለቻት ታውቃለህ። የእግሩን ትርፍ ጣት ግን ማን ያያል ብለን ተውናት።

ሰሞኑን ጎንደር ለገበያ ስሄድ ዳኛውን ይዤ ሐኪም አሳየሁት፤ መንገዴ ላይ ስለሆነ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም። ሐኪሙ ጠባሳውን ዳሰሰና "እጅም እግርም ሌላውም አካል ማኅፀን ውስጥ አብሮ ነው የሚሠራ፤ አንዱን መቁረጥ ሌላውን አያስቀርም" አለኝ። ምነው፣ እሱን ማን ጠየቀው! ተናድጄ ወጣሁ።

ዳኛው ቀን እንደ ጥጃ ይቦርቃል። ጀምበር ስትጠልቅ ግን ጋቢዬን ካልያዘ ደጅ አይወጣም። እናቱ ፈሪ ነው ትላለች፤ እኔም እንደሷ እላለሁ።

አድማሴ ከዓይኑ በቀር ደህና ነው፤ እሑድ እሑድ እየመራሁ ቤተ ክርስቲያን አደርሰዋለሁ። ለመሆኑ መጀመሪያ መሪ በትር የቆረጥህለት በስንት ዓመቱ ነበር? ታላቃችን ነህና ታስታውሳለህ። እንዲያው ነው የጠየቅሁህ።

በል ደህና ሁንልኝ፤ ያባታችን አምላክ ይጠብቅህ። መልሱን ግን በእኔ እጅ ብቻ እንዲደርስ አድርግ፤ ለእናቱ ደብዳቤ የሚያነብላት ዳኛው ነውና።

ወንድምህ አለኸኝ