መሠረቱ ያንተ ጥፋት አልነበረም

ለምወድህ ለአስቴር አባት፣

እጄ ስለለመደ «እንዴት ሰነበትክ» ብዬ ጀመርኩና መልስ እንደማይመጣ ትዝ ሲለኝ ሰረዝኩት። ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እኔ ደህና ነኝ። ከጫሞ ሐይቅ ዓሣ የሚያመጣልን ሰውዬ እስካሁን የሁለት ሰው ይሰጠኛል፤ «አንድ ነኝ» ማለት ስለሚያቅተኝ ዝም ብዬ እቀበለዋለሁ።

የታመመው ቤቱ ነበር። የመኝታ ቤታችንን ስንጥቅ ታውቀዋለህ። ባለፈው ሚያዝያ ዝናቡ ሲበረታ ሰፍቶ እጄን ያስገባ ጀመር። ማዕዘኑ ወደ ጓሮ ሰመጠ፣ በሩም ወለሉን ነክሶ አልዘጋ አለ። አስቴር ከሐዋሳ መጥታ «እማዬ፣ ሳይወድቅብሽ ሽጪውና ከኛ ጋር ኑሪ» ብላ ለመነችኝ። ልብሴን ሻንጣ ውስጥ ከትታልኝ ነበር፤ እኔ መልሼ አወጣሁት። እዚያ ሄጄ ስላንተ ከማን ጋር አወራለሁ? ተኳርፈን ተለያየን።

በኋላ ታሪኩ የሚባል መሐንዲስ አገኘሁ። ቤቱ ሳይፈርስ ከሥሩ በብረት ሊደገፍ ይችላል አለኝ። ሠራተኞቹ መጀመሪያ አልጋችንን ወደ ሳሎን አወጡት። ባንተ በኩል ፍራሹ አሁንም ጎድጎድ እንዳለ ነው። እነሱ አላስተዋሉም።

ከዚያ ማዕዘኑን ከውጭ ቆፈሩት። በሁለተኛው ቀን ታሪኩ ከጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ጠራኝ። የመሠረቱን ድንጋይ በመዳፉ መታ መታ አደረገና «እማማ፣ ይሄን ማን ሠራው?» አለኝ።

«ባለቤቴ» አልኩት።

«ጎበዝ ሰው ናቸው። ድንጋዩ አንድም ቦታ አልተላቀቀም። ችግሩ ከሥሩ ያለው ጥቁር አፈር ነው፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸሻል። የእሳቸው ጥፋት አይደለም።»

«ናቸው» አለ፣ በሕይወት ያለህ መስሎት። አላረምኩትም።

የአስቴር አባት፣ ያን ፋሲካ እንዳልረሳኸው አውቃለሁ። ግድግዳው መጀመሪያ የተሰነጠቀ ጊዜ፣ ወንድሜ መኮንን ባለበት፣ በእንግዳ ፊት፣ «ቶሎ ለመግባት ቸኩሎ መሠረቱን በቅጡ ሳይሠራው ነው» ብዬ አሳፈርኩህ። ቀና ብለህ እንኳ አላየኸኝም። በሳምንቱ ሲሚንቶ ገዝተህ መጣህ። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ዝናቡ ሲያባራ፣ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ስትመለስ ሸሚዝህን አውልቀህ ዝም ብለህ ትለስነው ነበር። እኔም ዝምታህን ጥፋትህን ማመን አድርጌ ቆጠርኩት።

ጉድጓዱ ሳይደፈን መኮንንን አስጠራሁት። ድንጋዩን አሳየሁት፣ ታሪኩ ያለውን ነገርኩት። ብዙ ቆሞ አየና፣

«እኔ እኮ አምኜሽ ነበር» አለኝ።

ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ብረቱ ገባ። ወፍራም የብረት ቱቦ ከመሠረቱ ሥር ያቆሙና በራሱ በቤቱ ክብደት እየተደገፉ መኪና በሚነሣበት ክሪክ ወደ ታች ይገፉታል፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላ ይቀጥሉበታል፣ ጠንካራው መሬት «በቃ» እስኪላቸው ድረስ። ሰባት ቦታ እንዲህ አደረጉ። አንተ ጨንቻ ስላደግክበት የቀርከሃ ቤት ስታወራ፣ ምስጥ ሲበላው ጎረቤት ተሰብስቦ ተሸክሞ እንደሚያዛውረው ትነግረኝ ነበር። የድንጋይ ቤት ሲነሣ ብታይ ምን ትል ነበር?

የሰመጠውን ማዕዘን በክሪክ ያነሡት ቀን እኔ ማንጎው ሥር ቆሜ እመቤቴን እለምን ነበር። ታሪኩ ውሃ ልኩን ይዞ «ትንሽ! ቁም! አሁንም ትንሽ!» ይላል። ቆርቆሮው ጮኸ፣ ቤቱ እንደ ሽማግሌ አቃሰተ። ስንጥቁ ዓይኔ እያየ ጠበበና ክር የሚያህል ቀረ። ሠራተኞቹ አጨበጨቡ። እኔም ዘወር ብዬ «አየህ?» ልልህ ነበር።

አሥራ አንድ ቀን ግቢው የሰው ድምፅ ነበረበት። ለስድስት ሰው ምሳ ሠራሁ፣ ጨው በዛ ሲሉኝ ሳቅኩ። ክሪኮቻቸውን ጭነው ሲሄዱ መንገድ ድረስ ሸኘኋቸው። ስመለስ ቤቱ እንደ ቀብርህ ማግስት ጭር አለብኝ። የመኝታ ቤታችን በር አሁን በአንድ ጣት ይዘጋል። ግን ማንን ልዝጋበት? ከፍቼው እተኛለሁ።

ለአስቴር ደውዬ ቤቱ እንደቆመ፣ እኔም እንደማልሄድ ነገርኳት። ስላንተና ስለ መሠረቱም ነገርኳት። ስልኩ ላይ አለቀሰች።

ይቅርታዬ ዘገየ። ፊትህ ሆኜ ልልህ ሲገባኝ በወረቀት ሆነ። እዚህ ቤት ለሚገባ ሁሉ ግን፣ ሳይጠይቀኝም ቢሆን፣ «ባለቤቴ መምህር ዘለቀ ነው የሠራው፤ አጥብቆ ነው የሠራው» እለዋለሁ። ትንፋሼ እስካለ ድረስ ይህን ሳልል አንድ እንግዳ አልሸኝም።

ያንተው ወርቅነሽ