የወዬሳ መስመሮች

ናዝሬት፣ ሰኔ 12 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለምትናፍቀኝ ወንድሜ ለንዋይ፣

የድሬስደን ብርድ እንደለቀቀህ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ አለን። እማዬ ጉልበቷ ቢያስቸግራትም ቤተ ክርስቲያን መሳሟን አልተወችም። ሙቀቱ ገና አልበረደልንም፤ ዝናቡን እየጠበቅን ነው።

መጀመሪያ የሥራውን ልንገርህ። ጀምረህ የላክህልን የፓስካል ኮምፓይለር ዛሬም ፕሮግራሞቻችንን ወደ ማሽኑ ቋንቋ እየተረጎመ የእርሻ ድርጅታችንን ሥራ ይሠራል። በየጊዜው እያቃናን እዚህ አድርሰነዋል። ባለፈው የጻፍኩልህ ስህተትም ተገኝቷል። አንድ የፕሮግራም ክፍል፣ አንድ ፕሮሲጀር፣ ራሱን መልሶ ሲጠራ የያዘውን ቁጥር የሚያጠፋው፣ በሌላ ፕሮሲጀር ውስጥ ሲጻፍ ብቻ ነው። ኮምፓይለሩ ለአዲሱ ጥሪ አዲስ ቦታ መስጠት ሲገባው የቀድሞውን ይሰጠው ነበር። አስተካክዬዋለሁ፤ የመሞከሪያ ፕሮግራሞቹ ሁሉ ትክክለኛ መልስ ይሰጣሉ።

ያገኘሁት ግን ብቻዬን ነው። አብሮኝ ይሠራ የነበረው ወዬሳ፣ በየደብዳቤዬ ሰላም ይልህ የነበረው፣ የለም።

ጥቅምት ላይ ለብሔራዊ ውትድርና ስሙ ወጣ። አለቃችን አቶ ሰብስቤ፣ ከእሱ ሌላ ይህን ሥራ የሚችል ወንድ የለንም ብለው ቀበሌ ድረስ ሄደው ለመኑ። ሊቀ መንበሩም ግንባር የሚፈለገው ሰው እንጂ ማሽን አይደለም ብሎ መለሳቸው።

የሄደ ዕለት እንኳ ጠዋት ቢሮ ሲሠራ አገኘሁት። ስህተቱ አልገኝ ስላለው፣ ከጥሪው በፊት ቁጥሮቹን ሌላ ቦታ አስቀምጠው በኋላ የሚመልሱ ጥቂት መስመሮች ጨምሮ ነበር።

«ይሄ መፍትሔ አይደለም፤ ግን እስክመለስ ያቆይሻል» አለኝ።

መጋቢት ላይ በሰሜን ግንባር መውደቁ ለእናቱ የተነገረው በግንቦት ነው። ኩየራ ለቅሶ ሄድኩ። እናቱ እማማ ጉዲቱ ማን እንደሆንኩ ሲጠይቁኝ የሥራ ባልደረባው ነኝ አልኩ። ሌላም የምለው ነበረኝ፤ በዚያ ድንኳን ውስጥ ግን ለማን ይባላል? አጠገባቸው አስቀመጡኝ፤ እጄንም ይዘው አለቀቁኝም። ልጃቸው ስለ ሥራው ሲያጫውታቸው እንደማይገባቸው፣ ዝም ብለው ደስ እያላቸው ያዳምጡት እንደነበር ነገሩኝ። እኔም ሰው የጻፈውን ማሽን እንዲረዳው የሚያደርግ ሥራ ነው አልኳቸው።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ታዲያ ጨርሶታል?» አሉኝ።

«ጨርሶታል» አልኩ።

አልጨረሰም ነበር። ስመለስ እስከ መቂ ድረስ እያለቀስኩ መጣሁ። ከማግስቱ ጀምሮ ከማሽኑ ፊት አልተነሳሁም፤ ለእናቱ የነገርኳቸው ውሸት ሆኖ እንዲቀር አልፈለግኩም። ስህተቱን ያገኘሁት ጊዜ ልነግረው ወደ ወንበሩ ዞርኩ። አሁን አንድ አዲስ ሠራተኛ ተቀምጦበታል፤ ምን ፈለግሽ ብሎ ጠየቀኝ።

አሁን የወዬሳ መስመሮች ጥቅም የላቸውም። እንዲያውም ሥራውን ያዘገዩታል። ላጠፋቸው ብዬ ተቀምጬ እጄ እምቢ አለኝ። መስመሮቹ ያሉበትን ዲስኬት ወደዚያ በሚመጣ ተማሪ እጅ ልኬልሃለሁ። አንተም ስታያቸው ትርፍ ናቸው ብለህ አታጥፋብኝ።

ትምህርትህ በመስከረም እንደሚያልቅ፣ ፕሮፌሰርህም ቆይተህ እንድትቀጥል እንደጠየቁህ ጽፈሃል። ቀጥል፣ ወንድሜ። ገና ሠላሳ አልሞላህም፤ ወዬሳም አልሞላውም ነበር። ኮምፓይለሩን እኔ እይዘዋለሁ፤ እዚህ የሚያስቸኩልህ ነገር የለም።

እማዬ ፊደል ባትቆጥርም አጠገቤ ተቀምጣ ብዕሬን እያየች ነው። ቶሎ ና፣ ዓይንህን ሳላይ እንዳልሞት በይልኝ ብላኛለች። ጽፌለታለሁ ብያታለሁ።

እመብርሃን እዚያው ባለህበት ትጠብቅህ።

እህትህ ዘርፉ